ላከርና ባለ ሦስት ዲስክ መወልወያ በእንጨት ሳህን ላይ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

በቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ በሚያስቀርጽ ማሽን) የተቀረጸ የእንጨት ሳህን ላከር የተባለው አንጸባራቂ ቅብ ተቀብቶ በጨርቅ ዲስክ ሲወለወል የሚያገኘው መልክ በዘይት ወይም በሰም ብቻ አይገኝም። ብርሃኑ ገጹ ላይ አይቆምም፤ ወደ እንጨቱ ገብቶ የሚመለስ ይመስላል። ይህን መልክ ፍለጋ ሁለት ነገሮችን ገዝቼ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቼባቸዋለሁ። አንደኛው በብሩሽ የሚቀባ አንጸባራቂ የናይትሮሴሉሎስ ላከር ሲሆን፣ ሁለተኛው ሦስት የጨርቅ ዲስኮች፣ ሁለት የፖሊሽ ጡቦችና አንድ የካርናውባ ሰም ጡብ የያዘ የመወልወያ ስብስብ ነው። የአምራቾቹን ስም አልጠቅስም፤ ይህን መሰል ስብስብ የሚያቀርቡት ብዙ ናቸው፣ ይዘቱም ከአንዱ ወደ ሌላው እምብዛም አይለያይም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሁለቱም የሚገዙ ናቸው። ነገር ግን ከስብስቡ ጋር የሚመጣው መመሪያ የሥራውን ትልቁን ክፍል፣ ማለትም ዲስኩ ሳህኑን ከመንካቱ በፊት ያሉትን ሳምንታት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያልፈዋል፤ እኔም ያበላሸኋቸውን ሳህኖች ሁሉ ያበላሸሁት እዚያው ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ላከሩ። «ላከር» የሚለው ስም ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ስለሚጠራ ገዢ ሊጠነቀቅ ይገባል። በምሥራቅ እስያ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ኡሩሺ ከዛፍ ግንድ የሚቀዳ ፈሳሽ ሲሆን፣ የሚጠነክረውም እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሳይደርቅ የነካውን ሰው ቆዳ ክፉኛ ያሳክካል። እኔ የምገመግመው ግን ከጥጥ ወይም ከእንጨት የሚገኘውን ሴሉሎስ በናይትሪክ አሲድ በመለወጥ የሚሠራውን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የመኪና ቀለም ቅብ በእጅጉ በማሳጠሩ የታወቀውን ላከር ነው። ይህ ላከር የሚደርቀው ቲነሩ፣ ማለትም ላከሩን የሚያሟሟው ፈሳሽ፣ ተንኖ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ወደ ሌላ ነገር አይለወጥም። በመሆኑም የደረቀው ቅብ ቲነር በነካው ጊዜ መልሶ ይሟሟል፤ ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያውን አለስልሶ ከእርሱ ጋር አንድ ይሆናል እንጂ በላዩ ላይ እንደ ሌላ ቆዳ አይቀመጥም።

ለሚወለወል ሳህን ከዚህ የተሻለ ባሕርይ አላውቅም። በፖሊዩሬቴን፣ ማለትም ከደረቀ በኋላ መልሶ በማይሟሟ የቫርኒሽ ዓይነት፣ የተቀባ ሳህን በብርጭቆ ወረቀት ሲስተካከል፣ የላይኛው ንብርብር ተፍቆ ባለቀበት ቦታ ላይ በካርታ ላይ እንደሚሣል የከፍታ መስመር ያለ ክብ ምልክት ይወጣል፤ ያም ምልክት ሌላ ቅብ ካልተደረበበት በስተቀር አይጠፋም። በላከር ግን የተደራረበው ቅብ ሁሉ አንድ አካል ስለሆነ፣ ወረቀቱ እንጨቱ ላይ እስካልደረሰ ድረስ የቱንም ያህል ቢፋቅ መስመር አይታይም። ከዓመት በኋላ የተጫረ ሳህንም ሰሙ በሚገባ ከተጠረገለት አዲሱ ቅብ ከአሮጌው ጋር ይዋሃድና የተጠገነበት ቦታ አይለይም። ጉድለቱ ደግሞ የዚሁ ባሕርይ ሌላኛው ፊት ነው፤ ቲነር የሚያሟሟው ነገር ሙቀትም ያለሰልሰዋል፣ አልኮልም ይጎዳዋል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የእንጨቱን ገጽ ስለ ማዘጋጀት ብዙ አልልም፤ የቶርኖ ሥራ የሚሠራ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ከቁጥር 120 ጀምሮ በ180፣ በ240 እና በ320 እያለሰለሰ መሄድን ያውቃል። ሊታወስ የሚገባው ነገር አንጸባራቂ ቅብ ጭረትን እንደማይሸፍን፣ ይልቁንም አጉልቶ እንደሚያሳይ ነው። በአብዛኞቹ ሳህኖች ላይ የእንጨቱ ጅማት በጎኑ ሳይሆን በጫፉ ተቆርጦ ፊት ለፊት የሚታይባቸው ሁለት ትይዩ ቦታዎች አሉ፤ ጭረት የሚደበቀውም፣ ላከር እንደ ሰፍነግ የሚመጠጠውም እዚያ ነው። እኔ ከእያንዳንዱ የወረቀት ቁጥር በኋላ ቶርኖውን አቁሜ እነዚህን ሁለት ቦታዎች በእጄ ወደ ጅማቱ አቅጣጫ አለሰልሳለሁ፤ ከዚያም መብራቱን ዝቅ አድርጌ ከጎን አበራበታለሁ። ቅባት የሚበዛባቸው እንደ ሮዝውድና ኮኮቦሎ ያሉ እንጨቶች ደግሞ ላከሩ በላያቸው ላይ በደንብ እንዳይይዝ ስለሚያደርጉ፣ በአሴቶን ከተጠረጉ በኋላ ሰሙ የወጣለት ሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ መሰል ቅብ) በስሱ ቢቀድምላቸው ይሻላል። በሥራ ክፍሉ ውስጥ ሲሊኮን ያለበት ማንኛውም የሚረጭ ማወዣ መኖር የለበትም፤ አንዲት ጠብታ ከነካችው ላከሩ ከዚያ ቦታ ሸሽቶ ክብ ክብ ጉድጓድ ይተዋል፣ በላዩ ላይ ደጋግሞ መቀባትም አያድነውም።

የገዛሁት ላከር ለብሩሽ ተብሎ የተዘጋጀ በመሆኑ ትነቱ ከሚረጨው ዓይነት ይዘገያል፤ ይህም የብሩሹ ፈለግ ራሱን አስተካክሎ እስኪተኛ ድረስ ጊዜ ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ቅብ በእኩል መጠን ቲነር አቅጥኜ እቀባለሁ፤ ዓላማው እንጨቱን ማጥገብ ስለሆነ ብዙው ይመጠጣል፣ ሲደርቅም ገጹ ላይ ምንም ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ይደበዝዛል። ጀማሪ የሚደነግጠው እዚህ ነው። ከዚህ ቅብ በኋላ የቆሙት የእንጨቱ ቃጫዎች በ320 ወረቀት በስሱ ሲነሡ ሁለተኛው ቅብ መልኩን ማሳየት ይጀምራል። ለጠባብ ቀዳዳ እንጨት አራት ቅብ፣ እንደ ኦክና ዋልነት ላሉ ሰፋፊ ቀዳዳ ላላቸው እንጨቶች ስድስትም ሰባትም ሊያስፈልግ ይችላል። ብሩሹ ወዲያና ወዲህ መመላለስ የለበትም። የተቀባውን ቦታ ለሁለተኛ ጊዜ መንካት ላከር የሚቀባ ሰው ሊተወው የሚገባ የመጀመሪያ ልማድ ነው፤ ከታች ያለው ቅብ እየሟሟ ስለሆነ ብሩሹ ይይዘውና ይጎትተዋል። እኔ ሳህኑን በቶርኖው መንጋጋ ላይ እንዳለ በግራ እጄ በዝግታ እያዞርኩ፣ ብሩሹን በአንድ ቦታ ይዤ፣ ከመሃል ወደ ከንፈሩ እየወጣሁ አንድ ጊዜ ብቻ አልፍበታለሁ።

ስለ ሳህኑ ውስጠኛ ክፍል በመመሪያዎች ላይ ያላነበብኩት አንድ ነገር አለ። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ አፉ ወደ ላይ የሆነ ሳህን ትነቱን እንደ ውኃ ይዞ ይቀመጣል፣ ውስጡም ከውጩ በጣም ዘግይቶ ይደርቃል። ውጩ ሲነኩት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሳህን ታችኛው ውስጡ ገና የሚለጠፍ ሆኖ ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ነው። አሁን ቅቡ አቧራ እንዳይዝ ከሆነ በኋላ፣ ይህም ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ ሳህኑን ገልብጬ በሦስት ትናንሽ እንጨቶች ላይ ከጠረጴዛው ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ትነቱ ወደ ታች ይፈሳል። በሁለት ቅብ መካከል ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ በቀን ከሦስት ቅብ በላይ ግን አልደርብም።

እርጥበት ባለው ቀን መቀባት ላከሩን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ትነቱ የሳህኑን ገጽ ስለሚያቀዘቅዘው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በቅቡ ላይ ይጤዝና እዚያው ይታሰራል። ይህ ግን ጥፋት ቢመስልም ቶሎ ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም፤ በደረቅ ቀን ትነትን የሚያዘገይ ቲነር የተጨመረበት ስስ ቅብ ሲያልፍበት ላከሩ እንደገና ይሟሟና የታሰረው እርጥበት ይወጣል፣ ጭጋጉም ዓይን እያየ ይጠፋል። ቅቡ ሲደርቅ ዝናብ ሊመጣ ከመሰለ አለመጀመር ይሻላል።

ስለ ደኅንነት የምለው አጭር ቢሆንም የሚታለፍ አይደለም። ናይትሮሴሉሎስ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነው፤ ቲነሩም ከእርሱ አይሻልም፣ ከባድ ትነቱ ደግሞ ወለሉን ተከትሎ ርቆ በመሄድ የሩቅ እሳት ላይ ሊደርስ ይችላል። መስኮትና በር ተከፍቶ፣ ምድጃም ሆነ ብልጭታ የሚሰጥ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ብቻ ይቀባል። የአቧራ ጭምብል ለትነት ምንም አያደርግም፤ የኦርጋኒክ ትነትን የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ከወረቀቱ የሚወርደው የደረቀ የላከር ብናኝም ስለሚቀጣጠል ክምሩን በሥራ ጠረጴዛ ሥር ማኖር አይገባም።

አሁን ወደ መጠበቁ። ቆርቆሮው ላይ «በ30 ደቂቃ ይደርቃል» የሚለው አባባል ውሸት አይደለም፤ የሚናገረው ግን አቧራ ስለማይዝበት ጊዜ እንጂ ዲስክን መቋቋም ስለሚችልበት ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያውን ትልቅ ሳህኔን፣ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዋልነት ነበር፣ የመጨረሻውን ቅብ በቀባሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ዲስኩ ወሰድኩት። በጥፍሬ ተጭኜው ምልክት አልተወም ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቃል ብዬ አሰብኩ። ዲስኩ በነካው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የቲነር ሽታ መጣ። ሽታው እንዳቆመኝ ሳህኑን ዞር አድርጌ ሳየው ላከሩ በፈላ ወተት ላይ እንደሚሰፍ ስልባቦት ተጨማዶ ወደ አንድ ወገን ተሰብስቧል፤ በሌላው ጎን፣ ሳህኑን በያዝኩበት ቦታ፣ የአራት ጣቶቼ አሻራ እስከ መስመሩ ድረስ ተቀርጾ ይታያል። ቅቡ ከላይ ጠንክሮ ከሥር ቲነር ይዞ ነበር፣ የዲስኩ ሰበቃ የፈጠረው ሙቀትም የቀረውን ሠራ። በዚያ ሳህን ላይ ያለውን ላከር ሁሉ በቲነር አሟሙቼ ከእንጨቱ ጀምሬ ሠራሁት።

ከዚያ ወዲህ ጊዜን በቀን መቁጠሪያ ብቻ አልለካም። ሳህኑን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ውስጡን አሸታለሁ፤ ቲነር ከሸተተ ገና ነው። ይህ በሞቃትና ደረቅ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ወር ይወስዳል። የመጠበቁ ሌላ ምክንያት ብዙም አይነገርም። ቲነሩ ሲወጣ ቅቡ ይኮማተራል፤ በሰፋፊ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ላከር ከአካባቢው ስለሚወፍር የበለጠ ይሰምጣል። በአንድ ሳምንት የተወለወለ ኦክ ሳህን እንደ መስተዋት ለጥ ብሎ ያማረ ነበር፤ በወሩ ሳየው ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ ጥቃቅን ጭረት መስለው ከሥር ወጥተዋል። ዲስኩ አልበደለም፤ ያስተካከልኩት ገና ሲንቀሳቀስ የነበረ ገጽ ነበር።

ዲስኩ ከመምጣቱ በፊት ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ለጥ ማለት አለበት፤ ስብስቡን የሸጡልኝ ሰዎች ዲስኩ ይህንንም ጭምር የሚሠራ አስመስለው ነግረውኝ ነበር። አይሠራም። የጨርቅ ዲስክ ለስላሳ ስለሆነ ጉብታውንም ጉድጓዱንም ተከትሎ እኩል ያበራል፤ የብሩሽ ፈለግ ያለበትን ገጽ ቢወለውሉት የሚያበራ የብሩሽ ፈለግ ይገኛል። በ400 ወረቀት በዝግታ ሲታሽ ከፍ ያሉት ቦታዎች ይደበዝዛሉ፤ ዝቅ ያሉት ግን እንደ ትናንሽ ኩሬዎች እያበሩ ይቀራሉ። ኩሬዎቹ እየጠበቡ ሄደው ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ድብዝዝ ግራጫ ሲሆን ለጥ ብሏል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኩሬዎች እንዲጠፉ መጓጓት ግን አደገኛ ነው፤ ላከር ስስ ነው፣ በተለይ በከንፈሩ ጠርዝ ላይ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ሲያልፍ እንጨቱ ብቅ ይላል። ከ400 በኋላ በ600 እና በ1,000 ወረቀት፣ በትንሽ ሳሙና ውኃ እያራስኩ እጨርሳለሁ። እንጨቱ የታየበት ቦታ ካለ ውኃው ገብቶ ጅማቱን ስለሚያስነሣ ውኃውን ትቼ በደረቁ እሠራለሁ።

እነሆ ስብስቡ። ሦስቱ ዲስኮች እያንዳንዳቸው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ሲሆኑ በቶርኖው ራስ ላይ በሚታሰር ዘንግ ይገጠማሉ። የመጀመሪያው ጠንከር ያለ ጨርቅ ነው፤ ትሪፖሊ ከሚባለው ቡናማ ፖሊሽ ጋር ይሠራል፣ ትሪፖሊም ሲሊካ የበዛበት ደቃቅ የማዕድን ዱቄት በቅባት የተያዘ ነው። ሁለተኛው ለስለስ ያለ ሲሆን ይበልጥ ደቃቅ የሆነውን ነጭ ፖሊሽ ይይዛል፤ ይህ ፖሊሽ በገበያ ላይ «ነጭ አልማዝ» እየተባለ ቢጠራም አልማዝ የለበትም፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ሦስተኛው እንደ ፍላኔል ያለ በጣም ለስላሳ ጨርቅ ሆኖ ለሰሙ የተመደበ ነው። የዲስኮቹ ስፌት ጠንካራ ነው፤ ከዓመት በላይ ሠርተው አንዳቸውም አልተተረተሩም። አዲስ ሲሆኑ ግን ክር ይበትናሉ፣ ያውም ብዙ። ለጥቂት ደቂቃ በሚዞረው ዲስክ ላይ የእንጨት ጥግ ይዞ የላላውን ክር ማስወጣት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ክሩ ከፖሊሹ ጋር ተጠቅልሎ ገጹን ይጭረዋል።

የሚመከረው ፍጥነት በደቂቃ 1,700 ዙር አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት የ20 ሴንቲ ሜትር ዲስክ ጠርዝ በሰከንድ ወደ 18 ሜትር ይጓዛል፤ ለባዶ እንጨት ተስማሚ ቢሆንም ለላከር ፈጣን ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኔ በ1,000 እና በ1,200 መካከል እሠራለሁ፣ ውጤቱም ትንሽ ከመዘግየቱ በስተቀር አይተናነስም። ጡቡ በሚዞረው ዲስክ ላይ የሚያርፈው ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ፖሊሹ ሲበዛ ሥራው የሚፈጥን ይመስላል፤ በእርግጥ የሚሆነው ግን የቀለጠ ቅባት በሳህኑ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ መለጠፉ ነው። ሳህኑ አንድ ቦታ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ መቆየት የለበትም። ዲስኩ ካለፈበት በኋላ የእጄን ጀርባ አስነካዋለሁ፤ ለብ ካለ ወደ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ፣ ከሞቀ ደግሞ አስቀምጬው ሌላ ሳህን አነሣለሁ።

አያያዙን በጽሑፍ ማስረዳት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ልሞክር። ዲስኩ ከላይ ወደ ሠራተኛው እየወረደ ሲዞር፣ ሳህኑ መንካት ያለበት ከመሃሉ በታች ባለው የፊተኛው ሩብ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታ ዲስኩ ከሳህኑ እየሸሸ ስለሚሄድ ቢይዘው እንኳ ወደ ታች ይገፋዋል እንጂ ወደ ፊት አያስፈነጥረውም። ከንፈሩ ጋ ሲደረስ ጨርቁ ከሳህኑ አካል ወደ ጠርዙ ወጥቶ መሄድ አለበት፤ ወደሚመጣው ጨርቅ ፊቱን የሰጠ ጠርዝ ካለ ዲስኩ በአንድ አፍታ ይነጥቀዋል። አንድ ትንሽ የሜፕል ሳህን ከእጄ የወጣበት ፍጥነት ዓይኔ ሊከተለው የሚችል አልነበረም፤ ድምፁን ብቻ ሰማሁ፣ ሳህኑም ከቶርኖው ብረት ላይ ተነሥቶ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ አገኘሁት። አሁን በብረቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፌ አነጥፋለሁ። ጓንት አላደርግም፣ እጅጌዬን እሰበስባለሁ፣ የፊት መከላከያም አለኝ፤ ከትሪፖሊው የሚነሣው ብናኝ ሲሊካ ስላለበት የአቧራ ጭምብሉ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ስብስቡ ላይ ያለኝ ዋናው ቅሬታ ከሳህን ጋር የተያያዘ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ሳህን ቢሆንም፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ዲስክ በ15 ሴንቲ ሜትር ሳህን ውስጥ አይገባም፤ ሰፊ በሆነው ሳህን ውስጥ ሲገባም ጎኑንና ታችኛውን በአንድ ጊዜ ይነካና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የውስጡን ለመወልወል ለብቻ የሚሸጡትን እንደ ኳስ የተጠቀለሉ ትናንሽ የጨርቅ ዲስኮች መግዛት ግድ ነው፣ በረጅም ዘንግ ላይ ቢገጠሙ ደግሞ እጅ ከቶርኖው ራስ ጋር አይጋጭም። ሳህን ብቻ የሚሠራ ሰው ከጠፍጣፋዎቹ በፊት እነዚህን ይግዛ እላለሁ፤ የውጩን ክፍልም በሚገባ ይሠራሉ። ስፋታቸው ግማሽ ስለሆነ በተመሳሳይ ዙር የጠርዛቸው ፍጥነትም ግማሽ ነው፤ ለላከር ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው።

ሁለቱን ፖሊሾች በተመለከተ፣ ገጹ በ1,000 ወረቀት የተጠናቀቀ ከሆነ ቡናማውን ብዙ ጊዜ እዘለዋለሁ። የበለጠ የሚፍቀውና የበለጠ የሚያሞቀው እርሱ ነው፤ ሥራው ደግሞ ወረቀቱ የጨረሰውን መድገም ነው። በተጨማሪም ላከሩ ያልሞላቸው ቀዳዳዎች በነጣ እንጨት ላይ ከተገኙ ቡናማው ገብቶ ያጠቁራቸዋል፤ በጠቆረ እንጨት ላይ ደግሞ ነጩ ገብቶ እንደ ዱቄት ይታያል። ነጩ ፖሊሽ ግን ከስብስቡ ሁሉ ምርጡ ነው። ድብዝዙ ግራጫ ገጽ ከዲስኩ ሥር ሲወጣ፣ መጀመሪያ መስኮቱ እንደ ነጭ ዳመና፣ በሁለተኛው ማለፊያ ፍሬሙ፣ በሦስተኛው ከውጭ ያለው የዛፍ ቅርንጫፍ በሳህኑ ጎን ላይ ይታያል። ለዚህች ሰዓት ነው ወሩን የሚጠብቁት።

ሰሙ ከሚነገርለት ያነሰ ነው። ካርናውባ ከብራዚል የዘንባባ ቅጠል የሚገኝ፣ ከ80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ካልሞቀ የማይቀልጥ ጠንካራ ሰም በመሆኑ በባዶ እንጨት ላይ ድንቅ ነው፤ ቀድሞውኑ በሚያበራ ላከር ላይ ግን የሚጨምረው ብርሃን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለማቅለጥ ዲስኩ መጫን አለበት፣ ዲስኩ ሲጫን ደግሞ ላከሩ ይሞቃል። የጣት አሻራም በላዩ ላይ ይታያል፣ የውኃ ጠብታም ቀለበት ይተውበታል። እኔ በምትኩ በብሪቲሽ ሙዚየም ለቅርስ ጥበቃ የተዘጋጀውን ሬኔሳንስ የተባለ የማይክሮክሪስታሊን ሰም በጨርቅ በእጄ እቀባለሁ፤ አሻራን በተሻለ ይቋቋማል፣ ዲስክም አይፈልግም። የትኛውም ሰም ቢሆን ከተቀባ በኋላ አዲስ ላከር አይዝበትም፤ ጥገና የሚያስፈልገው ሳህን መጀመሪያ ናፍታ በተባለው ሰም የሚያሟሟ ፈሳሽ (የመኪናው ናፍጣ አይደለም) ሁለት ሦስት ጊዜ መጠረግ አለበት።

ላከር ሲገዙ «ከፊል አንጸባራቂ» የሚለውን ትቶ ሙሉ አንጸባራቂውን መውሰድ ይሻላል። የሚያደበዝዘው ላከር ብርሃንን የሚበትን ደቃቅ ዱቄት ስላለበት ሲወለወል አንዱ ቦታ ያበራል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ለዘብ ያለ ብርሃን የሚወድ ሰው አንጸባራቂውን ለጥ ካደረገ በኋላ በጣም በደቀቀ የብረት ጥጥና በሰም ቢያሸው እኩል የሆነ መልክ ያገኛል፤ ለእርሱ ይህ ስብስብ አያስፈልገውም። በቆርቆሮ የሚረጨው ላከር ደግሞ የብሩሽ ፈለግ ባይኖረውም ቅቡ ስስ ስለሆነ ለወረቀት የሚበቃ ውፍረት እስኪያገኝ ድረስ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ መርጨትን ይጠይቃል።

በዚህ መንገድ የተጠናቀቀ ሳህን ለደረቅ ነገር፣ ለቁልፍ፣ ለፍራፍሬ ወይም ለዓይን ብቻ የሚቀመጥ ነው። የፈላ ነገር ከገባበት ላከሩ ይለሰልሳል፣ የአልኮል መጠጥ ከፈሰሰበት ይነጣል፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ካደረ ደግሞ እንጨቱ ሲያብጥ ቅቡ ይሰነጠቃል። ናይትሮሴሉሎስ በዓመታት ውስጥ ወደ ቢጫ ስለሚሄድ እንደ ሜፕል ያለ ነጭ እንጨት ነጭነቱን እንዲጠብቅ የሚፈልግ ሰው አክሪሊክ ያለበትን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በዋልነት ላይ ግን ያ ቢጫነት ሙቀት ይጨምርለታል እንጂ አይጎዳውም። በሥራ ቀናቸው ሳህን ጨርሰው በማግስቱ ሊሰጡ ለሚፈልጉ ይህን አካሄድ አልመክርም። ለሚሞክሩት ሰዎች የምለው የመጨረሻው ነገር ስለ አቀማመጥ ነው፤ ሦስቱ ዲስኮች በአንድ ካርቶን ተደራርበው ነው የሚመጡት፣ እንደዚያው ከተቀመጡ ደግሞ የቡናማው ፖሊሽ ብናኝ ወደ ነጩ ያልፍና ከወር በኋላ በጠራ ገጽ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጭረት ይጀምራል። የኔዎቹ እያንዳንዳቸው በላያቸው ላይ ስማቸው የተጻፈ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ በሦስት ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል።